አንድ ስንዝር ወደ ኋላ

«አንተ ካልሆንክ ማን ሊሆን ነው? በሽማግሌ ፊት አልዛትክም? ‹በዚሁ መኪናህ ሥር ያጋድምህ› አላልከውም?»

«ብያለሁ! አልካድኩም፤ ብያለሁ። ግን የተናገረ ሁሉ...»

«ሰማችሁ ጎበዝ? ብያለሁ ይላል!»

ኢንስፔክተር ዓይናለም ከፖሊስ ፒካፑ ስትወርድ ጠባቡ የፀዳ ቅያስ ከቅዳሴ በተመለሰ ነጠላ ለባሽ ተሞልቶ ነበር። በመሐል ሁለት ሰዎች ለመተናነቅ ምንም አልቀራቸውም። አንደኛው ጋቢውን ያጣፋ፣ ሽመል የያዘ ደገኛ ነው። ሌላው ቱታ የለበሰ፣ ደረቱ በር የሚያህል ሰው። ደገኛው ወንዴ ይባላል፤ የሟች ታላቅ ወንድም ነው፤ ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ለገበያ ወርዶ አዘዞ ዘመድ ቤት አድሮ ነበር። ባለቱታው የሟች ጎረቤት መለሰ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ መምህር።

ሟቹ ሙሉሰው ከሁለቱም ጀርባ፣ በተከፈተው ጋራዥ ውስጥ ነበር። በራሱ ላንድክሩዘር ጀርባና በግድግዳው መካከል ተጣብቆ እንደ ቆመ ሞቷል። እንዲወድቅ እንኳ ቦታ አልነበረውም።

«ሽመሉን ለሳጅኑ ስጥ» አለችው ዓይናለም።

«ምነው እታለም? የሞተው የኔ ወንድም ነው።»

«ለዚህ ነው ስጥ ያልኩህ።»

ወንዴ ትንሽ አመነታና ሽመሉን ለሳጅን ፋንታሁን አቀበለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዓይናለምን ያስፈራት ጩኸቱ ሳይሆን ይህ ነው።

«ሸጋ። እናንተ ሥራችሁን ሥሩ። እኔ ሣልስቱ እስኪወጣ እታገሣለሁ። ከሣልስቱ ወዲያ ግን የወንድሜን ደም ከዚህ ሰው ላይ ነው የምወስደው። ብታስሩት ወንድም አለው፤ ወንድም ባይኖረው የአጎት ልጅ አያጣም።»

ዛቻ ሳይሆን ቀጠሮ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

ዓይናለም መለሰን ወደ ጣቢያ አስወሰደችው። ተጠርጣሪ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ እዚያ ቢያንስ ሣልስቱ ድረስ በሕይወት ይቆያል።

*

ግቢው መኪና ከቆመበት የቤቱን በር የሚደፍን ጠባብ ሲሆን፣ ጋራዡም ለትንሽ መኪና የተሠራ ነበር። ሙሉሰው ቤቱን አምና ሲገዛ መኪናውን ውጭ ነበር የሚያሳድረው። ረጅሙ ሃርድቶፕ ቅያሱ ውስጥ ሲቆም ባጃጅ እንኳ አያሳልፍም። ባለፈው ክረምት የመለሰን ሚስት እቴነሽን ምጥ ያዛት፤ አምቡላንሱ ከመኪናው ወዲያ ማዶ ቀረ። ሙሉሰው ቁልፉን ይዞ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ለመስክ ሥራ ወጥቶ ነበር። በቃሬዛ በአጥር ላይ አሳልፈው ወሰዷት፤ ሕፃኑ ግን አልተረፈም። ሽማግሌ ተቀመጠ። መለሰ ያንን ቃል የተናገረው ያን ቀን ነው። ሽማግሌዎቹም መኪናው ከእንግዲህ ቅያስ ላይ እንዳያድር፣ ሙሉሰው እንደ ምንም ብሎ ግቢው ውስጥ እንዲያስገባው ፈረዱ።

«ከዚያ በኋላማ ሲኒማ ነበር» አለ ሳጅን ፋንታሁን፤ እሱም የፀዳ ነዋሪ ነው። «ለቪትዝ በተሠራች ጋራዥ ሃርድቶፕ! መጀመሪያ ፖርቶመጋላውን አወረደ። ቁመቱ ገባለት፣ ርዝመቱ እምቢ አለ። ከኋላ በሩ ላይ ትርፍ ጎማውን፣ ስኮርታውን ፈታ፤ አሁንም እምቢ። ከሁለት ሳምንት በፊት ያንን የፊቱን ትልቅ መከላከያ ብረት ፈታ። ይኸም ሆኖ አንድ ስንዝር ትርፍ እየወጣ የጋራዡ የቆርቆሮ በር አልዘጋ አለ። ትናንት የኋላውን ግድግዳ ሲፈለፍል ነው የዋለው። ሰፈሩ ሁሉ ይስቅ ነበር።»

«አሁን ገብቷል» አለች ዓይናለም።

ሳጅኑ ሳቁን ዋጠ።

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ ብቻዋን ጋራዡ ውስጥ ቆየች። የመኪናው ግራና ቀኝ ከግድግዳው ጋር ተጠጋግቷል፤ የሾፌሩን በር ብትስበው ከመዳፍ በላይ አልከፈት አለ። ከኋላ ወደ ጓሮ የምታወጣ ትንሽ የእንጨት በር አለች፤ ሙሉሰው የሞተው ከእሷ አንድ እርምጃ ርቆ ነው። የመኪናው የኋላ በር የተፈለፈለው ግድግዳ አቧራ ለብሷል፤ በአቧራው ላይ የመዳፍ ምልክቶች አሉ፣ ጎን ለጎን፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው። የሟችም መዳፎች በዚያው ነጭ አቧራ ተሸፍነው ነበር።

ታክሲ ላይ የተሳፈረ ሁሉ ያውቀዋል። ረዳቱ የመኪናውን ገላ ሁለቴ ሲመታ ሾፌሩ ይነዳል፣ አንዴ ሲመታ ይቆማል።

«ፋንታሁን፣ ና እስቲ። ከኋላ ሆኖ እየመታ መኪናውን ሲያስገባ የነበረው ራሱ ሙሉሰው ነው። ሌላ ሰው ነው መሪ የያዘው።»

«ያው መለሰ ነዋ! ሲመራው ጨፈለቀው።»

«ሊገድልህ ለዛተብህ ሰው ቁልፍህን ሰጥተህ፣ ጀርባህን ለግድግዳ ሰጥተህ፣ ‹ንዳ› እያልክ ትመታለታለህ?»

ሳጅኑ ጆሮውን አከከ።

«ሌላም አለ» አለች። «በሩ አይከፈትም። ሾፌሩ በየት ወጣ?»

የሾፌሩ መስኮት እስከ ታች ወርዶ ነበር። መኪናው ሁሉ አቧራ ሲሆን የመስኮቱ ጠርዝ ብቻ ተወልውሎ ያበራል። አንድ ቀን በወጣ ሰው እንዲህ አይሆንም፤ በየማታው ልብስ የሚተሻሸው ቦታ ነው።

«ሞክረው» አለችው።

ፋንታሁን በኮፈኑ በኩል መጥቶ በመስኮቱ እግሩን አስቀድሞ ገባ። ሲወጣ ግን ወገቡ ላይ ተያዘ፤ ቀበቶውን ቢፈታም አልሆነም። ጎትታ ስታወጣው የሸሚዙ ቁልፎች ተበተኑ።

«ኢንስፔክተር፣ ይህን ለጣቢያው ሰው እንዳትነግሪብኝ።»

«አልናገርም። ግን አንተ ካቃተህ ያ ደረቱ በር የሚያህለው ሰውዬ ይወጣል? ቦርጫሙ ሙሉሰውስ በየማታው ሲያስገባ በየት ይወጣ ነበር?»

*

መለሰ በጣቢያው አግዳሚ ላይ እጁን በጉልበቱ መሐል አድርጎ ተቀምጧል።

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«ወጥቼ ነበር።»

«የት?»

«ሰው በሌለበት።»

«አቶ መለሰ፣ ወንዴ ሣልስቱን እየጠበቀ ነው። ኩራት አሁን አይጠቅምዎትም።»

እጁን ከጉልበቱ መሐል አወጣ። «ልጃችን ክርስትና ሳይነሣ ነው የሞተው። ቅጥር ውስጥ አልተቀበረም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነው። እሑድ እሑድ እሄዳለሁ። እቴነሽ አታውቅም።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«እኔን እንኳ ያየኝ የለም። እኔ ግን አንዲት ሴት አይቻለሁ፤ ከአጥሩ ውጭ ፊቷን ተከናንባ ቆማ ነበር። ወደ ውስጥ አልገባችም። ቅዳሴው ሳያልቅ ሄደች። ማን እንደሆነች አላውቅም።»

«ሙሉሰው በመሞቱ አዝነዋል?»

ቀና አለ። ዓይኑ ደረቅ ነበር። «ዋሽቼ ምን ላድርግ? አላዘንኩም። እዚያ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ሳየው ሆዴ ቀለል አለኝ። በዚህ የሚታሰር ሰው ካለ እሰሩኝ።»

እቴነሽ ለባሏ እራት ይዛ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዓይናለም ወንበር ሰጠቻት። ጠዋት ቤት ነበረች፤ ግድግዳቸው ከጋራዡ ግድግዳ ጋር ይያያዛል።

«ምቱን ሰማሁት» አለች። «በየማታው ነው የምንሰማው፤ ለምደነዋል። ዛሬም ሁለት፣ እንደገና ሁለት። ከዚያ አንድ። ከዚያ እንደገና አንድ፣ በኃይል። ሞተሩ አጓራና ጠፋ።»

«አንድ ከተመታ በኋላ ነው ሞተሩ ያጓራው?»

«በኋላ ነው። ‹ባሏን ለማዳን ነው እንዲህ የምትለው› ትሉኛላችሁ።»

«እንል ይሆናል። በየማታው የሚነዳው ማን ነበር?»

«እሱ ራሱ ነዋ! ይህን መኪና ከኔ በቀር ማንም አይዳስሰውም እያለ ሲፎክር አልነበር? ሲያስገቡ ግን የግቢውን በር ይዘጋሉ፤ አይተን አናውቅም።»

*

ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። የሟች ሚስት ማርያማዊት በሐኪም ቤት ላቦራቶሪ የምትሠራ፣ ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። ዓይናለም ወደ ጓዳ ወስዳ አነጋገረቻት።

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቅዳሴ። ስመለስ የጋራዡ በር ተከፍቶ አየሁ፣ ከዚያ...» አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«መኪና መንዳት ይችላሉ?»

«እኔ? ኧረ የለም። ሙሉሰው መኪናውን ለማን ይሰጣል?»

በዚህ መሐል ረጅም ወጣት ውሃ ይዞ ገባ፤ ወንድሟ መዝሙር ነው፣ ፒያሳ ባንክ ይሠራል። እህቱን ውሃ አጠጥቶ ዓይናለምን እስከ ደጅ ሸኛት።

«ይቅርታ ኢንስፔክተር፣ ብዙ አታስጨንቂያት። አንዱ ሐዘን ሳይወጣላት ነው ሌላው የመጣባት። ሐቻምና ታላቃችንን ዲያቆን ገብረ ሚካኤልን ለማኅሌት ሲሄድ መኪና ገጭቶት አመለጠ።»

«ገጪው ተገኘ?»

«የት ይገኛል! ሬሳውን ተሸክሞ ቤት ያስገባው ሙሉሰው ነው። አቤት ለማለት የደከመውም እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ነበር የምለው።» በብርጭቆው የቀረውን ውሃ ደጁ ላይ ደፋው። «መለሰ ከሆነ ያደረገው... እኔም ወንዴን አልከለክለውም።»

ዓይናለም ወደ ፒካፑ አመራች። በዚህ ቅያስ ውስጥ የሚያዝን ሰው ቁጥር ከሚበቀል ሰው ቁጥር ያንሳል ብላ አሰበች።

*

በሣልስቱ ዕለት ጠዋት ወደ ደብሩ ሄደች። ቄሰ ገበዙን ከቅዳሴ ሲወጡ ቅጥሩ በር ላይ አገኘቻቸው፤ ጉልበት ስማ ተነሣች።

«አባታችን፣ ማርያማዊት እሑድ እዚህ ነበረች?»

«ነበረች፣ አልነበረችምም ልጄ።»

«እንዴት?»

«ከቅጥሩ ውጭ ነበረቻ። ያለፈውም እሑድ እንዲሁ። ዕጣን ሳጥን ወጥቼ ‹ምነው ልጄ አትገቢም?› ብላት፣ ‹ሆዴ ውስጥ ያለውን ይዤ መግባት አይሆንልኝም› አለችኝ። ቂም የያዘ ሰው ቅጥር ውስጥ አይገባም፤ እንዲህ ያለችው ራሷ ናት። ይህን በንስሐ የሰማሁት ቢሆን ኖሮ አልነግርሽም ነበር።»

«በማን ላይ እንደሆነ ነገረችዎ?»

«አልጠየቅኋትም። ወንድሟ ትዝ ቢላት ነው አልኩ። ገብረ ሚካኤል የእኔው ዲያቆን ነበር።» ቄሰ ገበዙ የያዙትን መቋሚያ አዩና ራሱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ በጨረቃ ቅርጽ የተጠረበ ቀንድ ነው። «ሲሞት መቋሚያው አጠገቡ ተገኘ፤ የመቋሚያው ራስ ግን የለም። መንገዱን ሁሉ አሰስን። አጣነው። መቋሚያውን ያለ ራሱ ነው ከሬሳው ጋር ያስቀመጥንለት።»

«ማርያማዊት ውጭ መቆም የጀመረችው መቼ ነው?»

«ያ ባሏ የመኪናውን ብረት የፈታ ሰሞን ነው። ‹ባልሽ ዛሬም መኪናውን አላስገባም?› ብዬ ቀልጄባት ስላልሳቀች ነው ትዝ የሚለኝ።»

ዓይናለም ተሰናብታ በቀጥታ ወደ ጣቢያው ግቢ ሄደች። ላንድክሩዘሩ እዚያ ቆሟል። እስከ ዛሬ ሁሉም ሰው የመኪናውን ጀርባ ነበር የሚያየው፤ እሷም እንዲሁ። አሁን ወደ ፊቱ ዞረች።

መከላከያ ብረቱ በነበረበት ቦታ ቀለሙ ገና አዲስ ነው። ከብረቱ ኋላ የነበረው የመኪናው ገላ በሰው ዳሌ ልክ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። ያንን ብረት ሙሉሰው የገጠመው ለውበት አልነበረም፤ ለመሸፈን ነው። ፍርግርጉ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ዓይናለም ተንበርክካ በባትሪ ስታይ፣ ከፍርግርጉ ጀርባ የደረቀ የክረምት ጭቃ ተጋግሯል፤ በጭቃው መሐል አንድ ነገር ለብዙ ጊዜ ተቀብሮ በቅርቡ የወጣበት ጎድጓዳ አለ። ቅርጹ ግማሽ ጨረቃ ነው።

ጣቷን አስገብታ ለካችው። ከዚያ ተነሥታ የጉልበቷን አፈር ሳታራግፍ ለፋንታሁን «ፒካፑን አስነሣ» አለችው።

*

ማርያማዊት ጓዳ ውስጥ ለብቻዋ ነበረች። ዓይናለም በሩን ዘግታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«የመኪናውን ፊት አይቼ ነው የመጣሁት» አለቻት። «የወሰድሽው ነገር የት ነው?»

«እርስዎ» መባባሉ እዚያ ላይ አበቃ። ማርያማዊት አልተደናገጠችም። የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ትንሹን ቀንድ በመዳፏ ላይ አስቀመጠች፤ ጎኑ ላይ አንዲት ፊደል ተጭራለች።

«ይህችን ፊደል ለወንድሜ በመርፌ የጫርኩለት እኔ ነኝ፤ ቅኔ የተቀኘ ዕለት። ሙሉሰው ብረቱን ሲፈታ ቡሎኑን እየተቀበልኩት ነበር። ይህ እግሬ ሥር ወደቀ። እሱ አላየም። በመኪናው ገላ ላይ ያለውን ጉድጓድ ግን አይቼ ‹ይኼ ምንድን ነው?› አልኩት። ‹ድንጋይ ነው፣ ዱሮ› አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠበቅሁት። ይናገር ይሆናል እያልኩ። ወንድሜን ገድሎ፣ ሬሳውን ተሸክሞ፣ ከእኔ ጋር ደረቱን እየደቃ አልቅሶ፣ ማታ ማታ እንባዬን እየጠረገ ‹እግዜር ያጋልጠዋል› ሲለኝ የኖረ ሰው፤ ድንጋይ ነው አለኝ።»

«መንዳት አልችልም ብለሽኝ ነበር።»

«እሱ ነው ያስተማረኝ። በመስኮቱ መውጣት ሲያቅተው እኔን አስነዳኝ። ሚስቱ ነዳችለት ተብሎ እንዳይሳቅበት የግቢውን በር እየዘጋ።» ፈገግ ለማለት የቃጣች መሰለች። «እሑድ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ልቤ አልቻለም። ተመለስኩ። ልጠይቀው ነበር፤ ይህን በእጄ ይዤው ነበር። እሱ ግን ግድግዳውን ፈልፍሎ ጨርሶ ደስ ብሎታል። ‹ግቢ፣ ግቢ፣ ዛሬ ይዘጋል› አለኝ። ገባሁ። ሁለት መታ። ሁለት መታ። ከዚያ አንድ መታ።»

ዓይናለም ቀንዱን ከማርያማዊት መዳፍ ላይ አነሣች።

«ሰምቼዋለሁ» አለች ማርያማዊት። «አልሰማሁም ብዬ ብናገር ይቀለኝ ነበር አይደል? ሰምቼዋለሁ። የቀረው አንድ ስንዝር ነው። እግሬን ከፍሪሲዮኑ ላይ አነሣሁ፤ መኪናው ወደ ኋላ ሄደ። እንደገና መታ። አሁንም ብትጠይቂኝ አነሣዋለሁ።»

«መለሰን ግን ልታስገድዪው ነበር። ልጁን የቀበረ ሰው!»

ያን ጊዜ ፊቷ ተሰበረ። «የታሰረ ሰው አይገደልም ብዬ ነው። ማስረጃ ሲጠፋ ይለቁታል፣ እስከዚያ ወንዴ በሽማግሌ ይበርዳል አልኩ። ምን ላድርግ? ወንዴ ሴት አይገድልም፤ የእነሱ ወግ አይደለም። ስሜ ከተጠራ የሚሞተው መዝሙር ነው። ሌላ ወንድ የለኝም።»

ዓይናለም ይህን ሳታስብ አልመጣችም፤ ከሌላ ሰው አፍ መስማቱ ግን ሌላ ነው። ወንዴን በዛቻ ብታስረው ጥቂት ቀን ነው። ከዚያ ይወጣል። እንዲህ ያለ ሰው አሥር ዓመት ቢጠብቅም አይሰለቸውም። መለሰን ይዛ ብትቆይ ደግሞ የመለሰ ወንድም አለ፣ የአጎት ልጅ አለ።

ተነሥታ በሩን ከፈተችና መዝሙርን ጠራችው። ንፍሮ የያዘ ትሪ በእጁ ነበር።

«እህትህ የምትነግርህ ነገር አለ» አለችው። «ሰምተህ ስታበቃ አትጩህ፣ አትጠይቅ። ትሪህን ይዘህ እንደ በፊቱ ለሰዉ አድል። ወንዴን እኔ ወሬ አስይዘዋለሁ። ሰው ሁሉ ወደኛ ሲዞር ሂድ። ፋንታሁን አስፋልቱ ላይ እየጠበቀህ ነው። ቤትህ አትግባ፣ ለልብስም ቢሆን። ወዴት እንደምትሄድ ለእኔም አትንገረኝ።»

ከጓዳው ወጥታ በሩን ገርበብ አደረገችው። ከውስጥ ለትንሽ ጊዜ የማርያማዊት ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚያ መዝሙር ትሪውን ይዞ ወጣ።

*

ወንዴ ድንኳኑ ምሰሶ ሥር፣ ከመካነ ብርሃን ከመጡት ዘመዶቹ መሐል ተቀምጧል። ዓይናለም አንድ ወንበር ጎትታ ጉልበቷ ጉልበቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግታ ተቀመጠች። ቦታውን የመረጠችው ወደ እሷ ሲዞር ጀርባው ወደ ጓዳው እንዲሆን ነው።

«አያ ወንዴ፣ ቀጠሮህ ዛሬ ነው። እኔም መልስ ይዤልህ መጥቻለሁ። መለሰ ዛሬ ይፈታል። ወንድምህን የገደለው እሱ አይደለም።»

ድንኳኑ ተንጫጫ። ንፍሮ የሚያላምጡት አፋቸውን አቆሙ፤ ከኋላ የተቀመጡት ወንበራቸውን አስጠጉ።

«ምነው እታለም? ታዲያ ማን ነው?»

«እነግርሃለሁ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ካልነገርኩህ ግን አታምነኝም። ስለ መኪናው ነው።»

«የምን ማኪና ነው! ሰውየውን ንገሪኝ።»

«መኪናውን ሳታውቅ ሰውየውን አታውቀውም» አለች ዓይናለም፤ ጋቢው ላይ ያረፈውን እጁን ያዘችው። «ወንድምህ ያን ጠዋት የት እንደ ቆመ ታውቃለህ? ለማን ብሎ እንደሚመታስ?»

ወንዴ እጁን አላስለቀቀም። ሰዉ ሁሉ አንገቱን አሰገገ፤ አንዲት አሮጊት «ዝም በሉ እስቲ፣ እንስማበት!» ብለው ተቆጡ። ዓይናለም ስለ ግድግዳው አቧራ ነገረቻቸው፣ ስለ መዳፎቹ ነገረቻቸው፣ ስለማይከፈተው በር ነገረቻቸው። አልቸኮለችም። አንዱን ነገር ሁለቴ ስትናገር እንኳ ማንም አልታዘባትም።

ከድንኳኑ ጥግ አንድ ረጅም ወጣት ትሪውን ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጠ። እጁን በሱሪው ጠረገና የኋላውን ሸራ ገልጦ ጎንበስ አለ። ሸራው ተመልሶ ወደቀ።

«ቀጥይ» አለ ወንዴ።